ከአራት ኪሎ እስከ በርክሊ ኮረብታ

ኦክላንድ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ወንድሜን “ጋሼ፣ ያን ኮረብታ አሳየኝ” ስለው ሳቀብኝ። ካሊፎርኒያ የመጣ እንግዳ የሳን ፍራንሲስኮን ድልድይ፣ ሲብስም ዲዝኒላንድን ነው የሚጠይቀው። እኔ የጠየቅሁት አንድ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነው። እሱም ቢሆን ሃያ ዓመት ታክሲ እየነዳ ከሥሩ ሲመላለስ አንድም ቀን ወጥቶ አላየውም።

ነገሩ የቆየ ነው። አባባ አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ ቀን ቀን ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ ይተየብባቸዋል። ማታ ጋሼ ቤቱን ሲዘጋ አንደኛውን ሳያጠፋ ይተወዋል። በመዝጊያው ስንጥቅ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብርሃን ሲጫወት ከመንገድ ይታይ ነበር። ኮምፒውተሩ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ድምፅ እየፈለገ እንደሚያድር የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ሥራው “ሴቲ አት ሆም” ይባላል። ግንቦት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. እዚሁ በርክሊ ተጀመረ። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አሬሲቦ በሚባል ቦታ፣ በኮረብታዎች መካከል ባለ ጎድጓዳ መሬት ላይ የተዘረጋ 305 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነበር። ከሰማይ የለቀመው ድምፅ በቴፕ ይቀዳና በፖስታ ወደ በርክሊ ይላካል፤ የዚያን ጊዜው የኢንተርኔት መስመር ያን ያህል መረጃ አይችልም ነበርና። ሁሉንም መርምሮ የሚጨርስ ኮምፒውተር ደግሞ አልነበራቸውም። ስለዚህ መረጃውን ቆራርጠው በየአገሩ ላለ ፈቃደኛ አደሉት። ባለቤቱ ሳይሠራበት ሲቀር ኮምፒውተሩ ቁራሹን ይመረምራል። አንዱ ቁራሽ 350 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ያኔ በኪሳችን ይዘን የምንዞረው ፍሎፒ ዲስክ አራቱን ይይዛል። ማንም እንዳይሳሳት ወይም እንዳያጭበረብር ደግሞ ያው ቁራሽ ለሌላ ሰውም ይሰጥና ውጤቱ ይመሳከራል። የእኛን ሥራ የሚያመሳክር አንድ የማናውቀው ሰው የሆነ አገር ላይ አለ ማለት ነው። ይህ ለጋሼ ትልቅ ነገር ነበር።

ለእኛ ሰፈር የተሠራ ነበር የሚመስለው። ስልኩ የሚያዘው ቁራሹን ለመቀበልና ውጤቱን ለመመለስ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ሲመጣ ካቆመበት አካባቢ ይቀጥላል።

በ1993 ዓ.ም. ጋሼ 100ኛውን ቁራሽ ጨረሰና የምስክር ወረቀት ከኢንተርኔት ደረሰው። በአባባ ወረቀት፣ በአባባ ቀለም አተመው። የተያዘው በዚሁ ነው። አባባ በአንድ እጃቸው የመብራት ሒሳቡን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዘው ጠየቁት።

“ደቦ ነው፣ አባባ” አላቸው።

“ደቦ ከሆነ ጠላው የታለ?”

ለወጉ እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀሉት። “ሥራ ፈት” የሚለው ቃል ያን ቀን ከአፋቸው ወጣ፤ ጋሼ ዲቪ ደርሶት ሲሄድም ቃሉ በመካከላቸው እንደቆመ ነበር። አባባ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። ቀብሩ በማግስቱ ስለነበር ጋሼ አልደረሰም።

እሑድ ጠዋት በቴሌግራፍ ጎዳና ተነሣን። ጎዳናው ከኦክላንድ መሐል ተነሥቶ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያበቃል፤ መንገዱን ይዞ የአገራችን ምግብ ቤቶች አሉ፤ የሚቆላ ቡና ሽታ በመኪናው መስኮት ይገባል። ከዩኒቨርሲቲው በስተጀርባ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ ነው ባሕር ዛፉ የተቀበለኝ። ዓይኔን ብጨፍን እንጦጦ ነኝ። ዛፉ ለሁለቱም አገር እንግዳ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ።

የጠፈር ሳይንስ ቤተ ሙከራው ከአናቱ ላይ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ዓመት በሐሳቤ የሳልኩት ግዙፍ ነገር የለም፤ ሕንፃ ነው፣ የመኪና ማቆሚያ አለው። “ይኸው ነው?” አለ ጋሼ። ቀጠሮ ስላልነበረን ወደ ውስጥ አልገባንም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው የልጆች ሳይንስ ሙዚየም አደባባይ፣ ሕፃናት የሚንጠላጠሉበት የዓሣ ነባሪ ሐውልት አጠገብ ተቀመጥን። ከሥራችን በርክሊ፣ ከዚያ የባሕረ ሰላጤው ውኃ፣ ከዚያ ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ።

ፍለጋው መቆሙን የሰማው ከእኔ ነው። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከተካፈሉበት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ ቁራሽ መላክ ቀረ። ኅዳር 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ አሬሲቦ ላይ ከቴሌስኮፑ በላይ በኬብል የተንጠለጠለው 900 ቶን የሚሆን መሣሪያ ወርዶ ሰባበረው። የተገኘ ፍጡር የለም። ዘዴው ግን አልሞተም፤ ከዚህ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ስታንፎርድ የተጀመረው “ፎልዲንግ አት ሆም” በኮሮና ጊዜ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ለማጥናት የብዙ ሰው ኮምፒውተር አሰልፏል። ይህን የነገርኩት ለማጽናናት ነበር፤ አልሰማኝም።

“አባባ እውነታቸውን ነበር” አለ። “በሰው መብራት ነው የተጫወትኩት።”

ያኔ ከቦርሳዬ ፖስታውን አወጣሁ። ባለፈው ዓመት የቤቱን ካርታ ስንፈልግ፣ ከካርታው ጋር በአባባ ፋይል ውስጥ ተሰፍቶ ያገኘነውን። ጋሼ የምስክር ወረቀቱን ወዲያው ለየው፤ የኮምፒውተራችን ቀለም ደብዝዞ ወደ ሮዝ ሄዷል። “ቀደውት አልነበረም እንዴ?”

“ገልብጠው” አልኩት።

ከጀርባው በአባባ የብዕር ጽሕፈት፣ ሒሳብ ሲይዙ እንደሚያደርጉት ከሥሩ ተሰምሮበት፣ የዚያ ወር መብራት ተጽፏል። 114 ብር ከ60 ሳንቲም። ከጎኑ “ተከፍሏል” ይላል።

ጋሼ ደጋግሞ አነበበው። የተቆጡበትን ሒሳብ እዚያ ላይ መዝግበው ይሆን ወይስ ሌላ ነገር ማለታቸው፣ እኔም መልስ የለኝም፤ አባባ ወረቀት የማይጥሉ ሰው ነበሩ፤ ካርታ ያለበት ፋይል ውስጥ ግን ማንኛውንም ወረቀት አያስገቡም።

ከማዶ ጉሙ ተነሥቶ ድልድዩን ሸፈነው፣ ከዚያም ከተማዋን። በረደን። ጋሼ ወረቀቱን አጥፎ መንጃ ፈቃዱን ከሚይዝበት ኪስ አስገባና ቁልፉን አወጣ።

“114 ብር” አለ፣ መኪናውን ሲያስነሣ። “ለዚያ ጊዜ ብዙ ነበር እኮ።”