እርካብና ስኪ
ደንዲ ሐይቅ ዳር ፈረስ ሲጫን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እርካቡ ላይ ነው። የድሮ ጋላቢ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያስገባው፤ ቢወድቅ እግሩ ቶሎ ይወጣል፣ ፈረሱ አይጎትተውም።

በበረዶ ቁልቁለት የሚንሸራተቱበት ስኪ፣ ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያም ነገሩ ይኸው ነው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሲወድቁ ጫማውን አይለቅም፣ ጉልበት ይጎዳል፤ ከላላ ደግሞ መሀል ቁልቁለት ላይ ይፈታል። ልኩ የሚወጣው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በችሎታና በጫማው ሶል ርዝመት ነው። በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ግን የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ ነበር፤ የዚያ ስኪ ማሰሪያ የጫማውን ጫፍ ብቻ ይይዛል፣ ተረከዙ ነፃ ነው። (ለእኛ አገር ጋላቢ እርካብ የሚቀርበው ይህ ማሰሪያ ሳይሆን አይቀርም።)

ካናዳ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ የሰው ስኪ ተውሳችሁ በካቻቢቴ ራሳችሁ እንዳታጠብቁ፤ ባለሙያ ይለካላችሁ።