ክዳኑ የሚከፈት መሣሪያ

ሰው ከዕለት ሥራው ውጭ ልቡ የሚያደላበት አንድ ነገር አያጣም። አንዱ በትርፍ ጊዜው አትክልት ይኮተኩታል፤ ሌላው ቴምብር ያጠራቅማል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የመሣሪያን ክዳን ከፍቼ ውስጡን መመልከት እወዳለሁ። የአባቴን ራዲዮ ፈትቼ መልሼ መግጠም ተስኖኝ የተገሠጽሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መምህር ከሆንሁ በኋላም ይህ ዝንባሌ አልለቀቀኝም። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያለኝን አስተያየት እገልጻለሁ። ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ አስነሥተውብኛል። ይኸውም ገዝቼ ያመጣሁት መሣሪያ በእርግጥ የእኔ ነውን? የሚል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አርጅቷል ብሎ በጨረታ ያስወገደውን ኮምፒዩተር በጥቂት ብር ገዛሁ። ለመነሣት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ስለ ነበር ወዳጆቼ «ለቆራሌው ብትሰጠው ይሻልሃል» እያሉ ቀለዱብኝ። ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ፤ ክፍሎቹንም አንድ በአንድ መረመርሁ። አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተጫነበት ፕሮግራም ከዐቅሙ በላይ ከብዶበት እንደ ነበር ተረዳሁ። ስለዚህ ያንን አውጥቼ ሊኑክስ የተባለውን ጫንሁበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒዩተሩ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሣ ጀመር።

ሊኑክስ ምንጫቸው ክፍት ከሆኑ ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም አስቀድሞ ባለሙያ ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጻፋል፤ ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። ብዙ ኩባንያዎች ምንጩን ደብቀው ፕሮግራሙን ብቻ ይሸጣሉ። ምንጩ ክፍት የሆነው ግን ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እንዲህ ያለ ነጻ ሥርዓት ለመሥራት ማቀዱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን እንብርት ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ተረባርበውበት፣ ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የቆሙት በዚሁ እንብርት ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስል ሊኑክስ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የማተሚያ መሣሪያዬ ሦስት ቀን ሙሉ አልታዘዝም ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ሰዎች የጻፉትን አንብቤ፣ አንዲት መስመር አስተካክዬ አሠራሁት። ደክሜአለሁ፤ ግን የማንንም ደጅ አልጠናሁም።

የደጅ ጥናትን ምሬት ያየሁት በኤሌክትሪክ መኪና ነው። ታናሽ ወንድሜ የታክሲ ሹፌር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ አሮጌ መኪናውን ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እኔም አበረታታሁት። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ለጎማው የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው በሙቀት መልክ ይባክናል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ለጎማው ያደርሳል። ካንዴላ፣ ማርሚታና የሞተር ዘይት አያሻውም። ፍጥነቱን ሲቀንስም ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ባትሪውን ይመግባል። ከዚህም በላይ በአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ሲመነጭ፣ ነዳጅ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ማለዳ መኪናው አልነሣ አለ። ትልቁ ባትሪ ሌሊቱን ሲሞላ አድሯል። የሰፈሩ መካኒክ ፈትሾ፣ የመኪናውን መብራትና ኮምፒዩተር የሚመግበው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ መሞቱን ደረሰበትና በአዲስ ተካው። መኪናው ግን የተመዘገበበት የብልሽት ምልክት ካልተሰረዘ አልሄድም አለ። ምልክቱን የሚሰርዘው ፕሮግራም የነበረው በአምራቹ ወኪል ዘንድ ብቻ ነበር። ወንድሜ ተራው እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። የብድሩ ቀን ግን እርሱን አልጠበቀውም። አንድ ምሽት «ወንድም ጋሼ፣ መኪናው የእኔ መስሎኝ ነበር» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ፤ ግዛ ብዬ የመከርሁት እኔ ነበርሁና።

እርግጥ የአምራቾች ሥጋት ከንቱ አይደለም። የትልቁ ባትሪ ኃይል በመቶ የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ፣ ያልሠለጠነ ሰው ብርቱካንማ ቀለም የተቀባውን ገመድ ቢነካካ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የፍሬኑንም ፕሮግራም ማንም እየተነሣ እንዲለዋውጠው መፍቀድ ለመንገደኛው ሁሉ አደጋ ነው። ሆኖም አደጋን መከላከልና ዕውቀትን መቆለፍ አንድ አይደሉም። የአደጋው መድኃኒት ሥልጠና ነው እንጂ ምስጢር አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 በሰጠው ድምፅ፣ አምራቾች ለወኪሎቻቸው የሚሰጡትን የጥገና መረጃና መሣሪያ ለመኪና ባለቤቶችና ለሌሎች ጋራዦችም በተገቢ ዋጋ እንዲያቀርቡ ወስኗል። ይህ የሚያሳየው ነገሩ የማይቻል አለመሆኑን ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ የሰጠሁትን ምክር ዛሬም አልሽረውም፤ ነገር ግን እጨምርበታለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና መልካም ነው፤ ወደ ቤንዚን እንመለስ የምልበት ምክንያት የለኝም። መሣሪያ ስንገዛ ግን ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን፣ ሲበላሽ ማን ሊከፍተው እንደሚችልም አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ቤት፣ ኪራይ ባይከፈልበትም የሰው ቤት ነውና። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለቆራሌው ተፈርዶበት በነበረው በዚያው ኮምፒዩተር ነው።