«የእናትህስ?»

በጃንሆይ ዘመን በማቻከል፣ በጎዛምን ወይም በስናን ያደገ ልጅ ዳዊት ሳይደግም በፊት ዘሩን መቁጠር ይማር ነበር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያለ በስም በስማቸው ይጠራቸዋል። የአባቱን ወገን ጨርሶ ዝም ካለ አዛውንቱ አይለቁትም፤ «የእናትህስ?» ይሉታል። የእናቱን ወገን የማይቆጥር ልጅ ግማሽ አገሩን እንዳጣ ይታይ ነበር። አባባሉም የዋዛ አልነበረም፤ ነገሩ የመሬት ነገር ነውና።

በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀና የተባለው አቅኚ አባት ከወለዳቸው ወንዱም ሴቷም እኩል ባለ ድርሻ ነበሩ፤ የእነሱም ልጆች እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአራቱ አያቶቹ፣ ከፍ ሲልም በስምንቱ ቅድመ አያቶቹ በኩል በየአጥቢያው «ይደርሰኛል» ማለት ይችል ነበር። ሁሉንም ጠይቆ ሁሉንም የሚያገኝ ግን አልነበረም።

አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ደጋ ዳሞት ድረስ መጥቶ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉ በፈረንጆች 1973 ታተመ። ከእሱ በፊት አፍሪካን ያጠኑ ታላላቆች፣ ለምሳሌ በፈረንጆች 1940 ስለ ኑዌር የጻፈው ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ ያሳወቁት በአብዛኛው በአንድ ወገን፣ በተለይም በአባት መስመር፣ ብቻ የሚቆጠር ዘርን ነበር። ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ከገባ ማን ከማን ጋር ሆኖ መሬቱን ይይዛል? ሆበን እንዳስረዳው እያንዳንዱ ሰው ያለው መብት ሊሟገትበት ከሚችለው በላይ ነው፤ መሬቱ ወደ እጁ የሚገባው ዘሩን ማወቅ፣ ሰው ማሰለፍና በችሎት መጽናት ሲችል ነው። የአያቶቼ ትውልድ ካለፈ በኋላ መጽሐፉን ማንበብ የቤታችንን ጓዳ የማየት ያህል ነበር።

አያቴ እምዬ ዘር በመቁጠር የታወቁ ነበሩ። ከሩቅ አገር ሰው ይመጣባቸዋል፤ ማር ወይም ቅቤ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ። እምዬ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ይሰሙታል። ከዚያ ይጀምራሉ፤ እከሌ እከሊትን ወለደ፣ እሷ ለአዋበል ሰው ተዳረች፣ ከሁለተኛው ባሏ ሦስት ወልዳ አንዱ መከነ፣ አንዷ ደምበጫ ወረደች። ክሩ ሲበጠስ ብቻ ፋታ ይወስዱና እርጥብ ጣታቸው ላይ ቀጥለው ይመለሳሉ። እንግዳው ከወጣ በኋላ ግን ለእኛ ለልጆቹ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጨምሩት አንድ ቅርንጫፍ አይጠፋም። ለእንግዳው ያልነገሩት እሱን ነው፤ ቢያውቀው የእኛን ድርሻ ይጠይቅበታላ። ዘር ማወቅ ሀብት ነበር፤ እንደ ሀብትም ይደበቅ ነበር።

ይህን ሁሉ በናፍቆት ብቻ ማውራት ግፍ ነው። በርስት የተነሣ ወንድም ወንድሙን ገድሏል። ደረቅ ስንቁን ቋጥሮ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና ያረጀ ስንት አለ። እስላም ወገኖቻችን፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ አብዛኞቹ ርስት አልነበራቸውም፤ አገሩ አገራቸው ሳለ ዘር ቢቆጥሩም የሚያገኙት ማሳ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲያጡ አሳይተውናል። የመኳንንቱ ቆጠራ ለክብር ነበር፤ የባላገሩ ለእንጀራ።

በ1960 ዓ.ም ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ያመፀውም ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ግብሩ መሬት መለካትን ያስከትላል፣ የተለካ መሬት ደግሞ ርስትነቱ ይቀራል ብሎ ፈርቶ ነው። የፈራው በሌላ በኩል መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ክፍፍሉም ለገበሬ ማኅበር ተሰጠ። ጢሰኛው እፎይ አለ፤ ደስ ይበለው፣ ይገባው ነበር። የእምዬ ዕውቀት ግን በዚያው ዓመት ጠያቂ አጣ። ማር ይዞ የሚመጣው ሰው ቀረ። በ1989 ዓ.ም መሬት እንደገና ሲሸነሸን የእንጅላት ስም ያነሣ የለም። ኋላ የመጣው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠ፤ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። የሴቲቱ እናትና የእናቷ እናት ግን ደብተሩ ላይ ቦታ የላቸውም።

አሁን የሚጎዳኝ ይኸው ነው። ቆጠራው መሬት ሲያጣ መጀመሪያ የተረሳው በሴት በኩል ያለው ወገን ሆነ። የአባት ስም በመታወቂያም በትምህርት ቤትም ይጠራል፤ የአያት እናት ስም ግን ያለ ርስት የሚጠራበት ጉዳይ የለውም።

የቀረው አንድ ጉዳይ ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋቡምና ሽማግሌዎቹ አሁንም ይቆጥራሉ፤ ግማሹን በስልክ። በቅርብ ጊዜ ደብረ ማርቆስ አንድ ቤት ለእንዲህ ያለ ቆጠራ ተቀምጬ ነበር። በልጁ አባት በኩል ሰባቱ ሳይደናቀፍ ተቆጠረ። በልጅቷ እናት በኩል አራተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቁ አንዲት አሮጊት ስናን አሉ ተባለ፤ ስልክ የላቸውም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ማለዳ እንዲሄዱ ተቆርጦ የቀለበቱ ቀን እነሱ እስኪመለሱ ተላለፈ።