ስለ ቤት ብድርና ስለ ወር ክፍያው

የራስ ቤት ማግኘት ለቤተ ሰብ ታላቅ ክብር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ቤቱ የሚገዛው በብድር የሆነ እንደ ሆነ፣ ከቁልፉ ጋራ የብዙ ዘመን ዕዳ አብሮ ይገባልና፣ ባልና ሚስት ከመፈረማቸው አስቀድሞ ሒሳቡን በአንድነት ሊመረምሩት ይገባል።

እኛ በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ይህ ነገር የዘወትር ጭውውት ነው። በሚኪሊላንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ፣ ይልቁንም በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ለተባሉት ቤቶች ምዝገባ ከተደረገ ጀምሮ፣ ከአጠና ተራ ነጋዴ እስከ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ድረስ ስለ ቅድሚያ ክፍያና ስለ ወለድ የማይነጋገር የለም። ከነዚህ ቁጥሮች ፊተኛው ገዢው አስቀድሞ የሚያዋጣውን፣ ኋለኛው በብድር የሚሸፈነውን ከመቶ ያመለክታል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ጎረቤታችን ከባለቤቱ ጋራ የብድር ወረቀት ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። «ጋሼ፣ 20 ዓመት ከተሰጠን የወሩ ክፍያ ከቤት ኪራያችን እምብዛም አይበልጥም፤ ምን ያስፈራናል?» አለን። ለቅድሚያው ክፍያ እናቱ ያኖሩትን ወርቅ ሊሸጡለት ቈርጠው ነበርና፣ ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ስለዚህ እርሳስና ወረቀት አስመጥተን፣ ለእያንዳንዱ 100,000 ብር ወለዱ በዓመት 12 ከመቶ፣ ይኸውም በወር 1 ከመቶ ቢሆን ምን እንደሚደርስ አብረን አሰብን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 20 ዓመት 240 ወር ስለ ሆነ 1.01 በራሱ 240 ጊዜ ሲባዛ 10.8926 ይሆናል። ይህንኑ አንድ በተቀነሰለት በ9.8926 አካፍለን፣ ያገኘነውን በመጀመሪያው ወር ወለድ በ1,000 ብር ብናባዛው የወሩ ክፍያ 1,101 ብር ከ9 ሳንቲም ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ውስጥ 1,000 ብሩ ወለድ ነውና፣ በመጀመሪያው ወር ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 101 ብር ከ9 ሳንቲም ብቻ ነው። ዋናው ሲቀንስ ወለዱም ይቀንሳል፤ ነገር ግን አካሄዱ እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ፣ 15 ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ ከከፈሉ በኋላ እንኳ 49,500 ብር ያህል ዋና ዕዳ ይቀራል። እስከ መጨረሻው የሚከፈለው ሁሉ 264,260 ብር ያህል ነው።

ያው ብድር በ15 ዓመት የሚያልቅ ቢሆን ግን የወሩ ክፍያ 1,200 ብር ከ17 ሳንቲም፣ ጠቅላላውም 216,030 ብር ያህል ይሆናል። በየወሩ 99 ብር መጨመር ከ48,000 ብር በላይ ያድናል ማለት ነው። የእነርሱ ብድር የዚህ ብዙ እጥፍ ስለ ነበረ፣ ልዩነቱም በዚያው ልክ ተባዛ።

ባልየው ዝም ሲል ባለቤቱ፣ «እንግዲያስ ዓመቱ ረዘመልን ብለን ከመደሰት፣ ይህ ጭማሪ ከየት ይገኛል ብለን እንምከር» አለች። የቤቱን ወጪ ከጤፉ እስከ ዕድሩ ቈጥረው፣ ለሕመምና ለችግር የሚሆን ጥቂት አስቀርተው፣ 15 ዓመቱን መረጡ። ይህንንም ማስቀረታቸው መልካም ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ባለዕዳው መክፈል ቢያቅተው ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ለመሸጥ ይችላልና። ከዐቅም በላይ የሆነ ክፍያም እንደ ረዥሙ ዘመን ሁሉ ቤትን ይጎዳል።

አንባቢዎቻችንም ከመፈረማቸው በፊት እነዚህን እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ ወለዱ በውሉ ዘመን ሊለወጥ ይችላልን? ክፍያው ቢዘገይ መቀጫው ስንት ነው? ገንዘብ ባገኘን ጊዜ ዕዳውን አስቀድመን ብንከፍል ምን ይታሰብብናል? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደ ተባለው፣ በጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ምሽት ያልታሰበ ዕዳ ብዙ ዓመት ያሳስባል።