ተረቴን መልሱ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅና በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለዋሸኋት አንዲት ቃል ነው። ቃሏ አጭር ናት፤ «አዎ» ትባላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ ባንክ ቤት በመስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ የስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። ከብዙ ስርዝ ድልዝ በኋላ ባለፈው ዓመት፣ በልጅነቴ የሰማኋቸውን ሰባት ተረቶች በአማርኛ ጽፌ፣ 32 ገጽ ያላት አነስተኛ መጽሐፍ በራሴ ወጪ አሳተምሁ። ብዛቷ 300 ቅጂ ነው። መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ማስተዋወቅ ግድ ይሆንበታልና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ እንግዳ ሆኜ ቀረብሁ። የሥራ ቀን ኮቴን ለብሼ ሄጄ ነበር፤ ሬዲዮ ኮት እንደማያሳይ የገባኝ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ጋዜጠኛው ጨዋ ሰው ነበር። ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ንባብ ጠየቀኝ። ከዚያም ከመጽሐፏ ረጅሙን ተረት እያሞካሸ፣ «ይህን የአንበሳውን ታሪክ የፈጠርከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«አዎ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴም አላምነውም። ስለ ምናብ ተናገርሁ። ሌሊት ሌሊት ስለሚመጣብኝ የፈጠራ ስሜት ተናገርሁ። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች መካከል፣ ከእግዜር ድልድይ ላይ ቆሜ ስለማየው የፀሐይ ግባት ጭምር ተናገርሁ። ሁሉም ያምር ነበር። ከአንዱ በቀር ሁሉም እውነት ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ቡና እየለቀመች ነበር። ሬዲዮኑ አጠገቧ ተቀምጧል። እራት እስክንበላ ድረስ ምንም አላለችኝም። በኋላ ግን ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ሰማሁህ። ድምፅህ ያምራል» አለችና ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላም፣ «እሷ ግን የት ሄደች?» አለችኝ።

«ማን እማዬ?»

«ያቺ ሴትዮ። አንበሳውን ያበላችው።»

ተረቱን ብዙዎቻችሁ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ሰምታችሁታል። አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ታገባለች። ሰውየው ልጅ አለው። ልጁ እንጀራ እናቱን አይቀርባትም፤ የሠራችውን አይበላም፤ የፈተለችውን አይለብስም። ሴትየዋ ወደ አንድ ብልህ ሽማግሌ ሄዳ፣ ልጁ የሚወደኝ መድኃኒት ስጠኝ ትላለች። ሽማግሌውም መድኃኒቱን ለመቀመም ከሕይወት ካለ አንበሳ የተነቀለ አንድ ፀጉር አምጪ ይላታል። እሷም ሥጋ ይዛ ወደ ጫካ ትወርዳለች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ አስቀምጣ ትሸሻለች። በማግሥቱ ጥቂት ትቀርባለች። እንዲህ እያለች ከብዙ ቀናት በኋላ አንበሳው ከእጇ መብላት ሲጀምር፣ ከጋማው አንዲት ፀጉር ነቅላ ለሽማግሌው ታመጣለች። ሽማግሌው ፀጉሯን እሳት ውስጥ ይጥልና፣ «አንበሳን ያለመድሽ ሴት ልጅ ማልመድ እንዴት ያቅትሻል?» ይላታል።

አያቴ ይህን ተረት በጨንቻ ደጋ፣ ከቀርከሃ በተሠራው ቤታችን ውስጥ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጣ በጋሞኛ ነበር የምትነግረን። እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከቆላ የመጣው ጥጥ ተዳምጦና ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ እያሾረች ትፈትላለች። በእሷ ተረት ውስጥ ሥጋው የሚጠቀለለው በእንሰት ቅጠል ነው። ሴትየዋ ወደ አንበሳው በቀረበች ቁጥር የአያቴ እንዝርት ቀስ ይላል፤ ፀጉሯ ስትነቀል ቀጥ ይላል። እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

እኔ በመጽሐፌ ምን አደረግሁ? ሴትየዋን አወጣኋት። እንጀራ እናት የምትባል ነገር ለዘመኑ አንባቢ አትስብም ብዬ፣ በምትኩ የንጉሥ ልጅ ለማግባት አንበሳ የሚያለምድ መልከ መልካም ጎበዝ አስገባሁ። የእንሰቱን ቅጠል ወደ ብር ሳሕን ለወጥሁ። በወቅቱ ይህ ሁሉ ማሳመር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ቡናዋን ወደ ጎን አድርጋ የነገረችኝን ነገር ከዚያ ምሽት በፊት ሰምቼው አላውቅም። «እኔን የወለደችኝ እናቴ የሞተችው ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው» አለች። «አያትህ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እጇ የነካውን አልበላም ብዬ ሁለት ቀን ጾሜ አደርሁ። በሦስተኛው ማታ አልተቆጣችኝም፤ አልለመነችኝምም። ፊቷን ወደ እሳቱ አዙራ ይህን ተረት መናገር ጀመረች። ስትጨርስ ቀርቤ ጭኗ ላይ ተኛሁ።»

እኔ አያቴ የምላት ሴት ለእናቴ እንጀራ እናት ኖራለች! ያ ተረት ለእኛ የመኝታ ጨዋታ ይሁን እንጂ፣ ለእሷ የራሷ የሥጋ ጥቅል ነበር። እኔም ከዚያ ተረት ውስጥ እሷኑ አውጥቼ ጣልኋት፤ ከዚያም ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ «የእኔ ነው» አልሁ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ፣ ተረት መልሰው የሚጽፉና ስለ ጻፉትም አደባባይ ወጥተው የሚናገሩ ሰዎች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ሳነብና ስጠይቅ ከረምሁ።

ተረት መለወጡ ራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ በቅድሚያ ተረዳሁ። ጄን ከርትዝ የምትባለው አሜሪካዊት ደራሲ ልጅነቷን ያሳለፈችው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በማጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ ተረት ለልጆች ጽፋ ስታሳትም፣ እሷም ገልብጣዋለች። በእሷ መጽሐፍ ታጋሿ እንጀራ እናት ሳትሆን አልማዝ የምትባል ልጅ ናት፤ አዲሷን የአባቷን ሚስት ለመቅረብ የቸኮለችውን ልጅ በጥበብ የሚመክሯት አያቷ ናቸው፤ የምትነቀለውም የጅራት ፀጉር ናት። በኮርያ ደግሞ ተረቱ ከጦርነት ልቡ ተሰብሮ ስለተመለሰ ባልና ስለ ሚስቱ ይነገራል፤ የሚነቀለውም የነብር ጢም ነው። ያቺ አንዲት ፀጉር ከጋማ ወደ ጅራት፣ ከጅራት ወደ ጢም ስትዘዋወር ስንት አገር ዞረች! ነገር ግን በየሄደችበት የፈራ ሰው ወደ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲቀርብ እናያለን። የእኔ ጎበዝ ግን የሚቀርበው ወደ ማንም አይደለም፤ ወደ ሽልማቱ ነው።

ቀጥሎ ያነበብሁት ስለ ስም ነው። አላዲንንና አሊ ባባን የማያውቅ ማን አለ? እነዚህን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1709 በፓሪስ ለፈረንሳዊው አንቷን ጋላን የነገረው ሐና ዲያብ የሚባል የሐለብ ወጣት ነበር። ጋላን በግል የቀን ማስታወሻው ስለ ወጣቱ ጽፏል፤ በታተመው መጽሐፍ ላይ ግን ስሙን አላነሳም። ዲያብ በእርጅናው የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ኖሮ፣ የማን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቢያንስ እሱ የሚጽፍ እጅ ነበረው። አያቴ ግን ከእንዝርት በቀር የያዘችው መጻፊያ አልነበራትም።

በተቃራኒው የግሪም ወንድማማቾችን ተመልከቱ። በጀርመን ካሰል አካባቢ ዶሮቴያ ፊማን የምትባል፣ የልብስ ሰፊ ሚስት፣ አትክልት እየሸጠች የምትኖር ሴት ነበረች። ወደ 40 የሚጠጉ ተረቶችን ነግራቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ1815 ሞተች፤ በ1819 መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ግን ምስሏ ከነስሟ በሁለተኛው ቅጽ መግቢያ ላይ ወጣ። ወንድማማቾቹ በሌላ በኩል ያለ ነቀፋ አይደሉም፤ ተረቶቹን በየእትሙ እንዳሻቸው አርመዋል። የአትክልት ሻጯ ፊት ግን በዚያ ገጽ ላይ አለ። በምናባዊ ልብ ወለዶቹ የታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ ፊሊፕ ፑልማንም እ.ኤ.አ. በ2012 የግሪም ተረቶችን መልሶ ሲያሳትም፣ ከእያንዳንዱ ተረት በኋላ ምንጩን ጽፏል። ከ200 ዓመት በኋላም የልብስ ሰፊው ሚስት ስም ይጠራል።

የእኛኑ አገር ሰዎች ሳስብ ደግሞ አባባ ተስፋዬ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። ተስፋዬ ሳህሉ በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረው ቴሌቪዥን ጋር ከ40 ዓመታት በላይ ለአገሪቱ ልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አረፉ። እኔ አማርኛን ከትምህርት ቤት እኩል የተማርሁት ከእሳቸው አንደበት ነው። ተረቶቹን ፈጠርኋቸው ብለው ሲኩራሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ለልጆች እንደሚያደርስ አያት ሆነው ነበር የሚቀርቡት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም «ቂሉ ማሞ» የተባለውን የቆየ ተረት እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በዓመቱ በአዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከሕዝብ የወሰደውን ተረት ለሕዝብ ልጆች መለሰ ማለት ይህ አይደለምን?

መመለስ ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በአማርኛ ተረት ሲያልቅ፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። አያቴ በጋሞኛ ስትነግረን ይህን አትልም ነበር፤ እኔ የሰማሁት ትምህርት ቤት ነው። ስንት ዓመት እንደ ዘበት ስለው ኖሬ፣ ትርጉሙ የገባኝ ገና አሁን ነው። ነጋሪው ሰጥቻችኋለሁ አይልም፤ መልሱ ነው የሚለው። ተረት ስጦታ ሳይሆን አደራ ነው። እኔ ደግሞ የአደራን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ የሚገባኝ ሰው ነበርሁ። በመስኮቴ በኩል ያለ ባለቤቱ ስም አንዲት ብር ገብታ አታውቅም። ሌላው ያስቀመጠውን በራሴ ስም ባወጣ ቀኑ ሳይመሽ እስር ቤት ነኝ። በተረት ግን ይህንኑ አድርጌ ተጨበጨበልኝ።

ከአገራችን ከጋሞ ሥራ ሁሉ ስሙ የወጣው ሸማ ነው። ዶርዜ ሲባል ሸማኔ፣ ሸማኔ ሲባል ሽሮ ሜዳ ይነሳል። ፈትሉን የፈተለችውን ሴት ግን የሚያነሳ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን ማን ፈተለው ተብሎ ግን አይጠየቅም። እኔም ሸማኔ ሆኜ፣ የታየሁትም እኔ ነበርሁ።

ይህን ተረት ተራ ጨዋታ ነው ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ በቡራዩ ወገኖቻቸው መገደላቸውን የሰሙ ወጣቶች በዚችው ከተማ በቁጣ ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ዱላ አልያዙም። ወጣቶቹም ቆሙ፤ በጎረቤት ላይ እጅ ሳይነሳ ቀረ። አያቴ ያን ቀን በሕይወት አልነበረችም። ብትኖር ግን፣ አንበሳ የሚቀረበው እንደዚያ መሆኑን ከማንም በፊት ታውቀው ነበር።

አሁን ምን እያደረግሁ ነው? ከመጽሐፌ ያልተሸጡት 180 ያህል ቅጂዎች አልጋዬ ሥር በካርቶን አሉ። ማታ ማታ አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ ከስሜ በላይ «ነጋሪ» ብዬ የአያቴን ስም በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የአንበሳውን ተረት ደግሞ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ሴትየዋ ተመልሳለች፤ የእንሰቱም ቅጠል። እናቴ እያንዳንዱን ገጽ ሳነብላት ትሰማለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች። ሬዲዮ ጣቢያውንም አሥር ደቂቃ እንዲሰጡኝ ጠይቄአለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ስሟን እዚህ ያልጻፍሁት ለዚህ ነው። ዕዳ የሚከፈለው በተበደሩበት ቤት ነው፤ «አዎ» ባልሁበት ማይክሮፎን ላይ መጀመሪያ እንዲጠራ እፈልጋለሁ። እስከዚያው ለእሷ የቋጠርኋት ይህች ናት፦

ሸማው የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው ፈትሉ፤
እኔስ መወርወሪያ፣ ያለፍሁ በመሐሉ።
ጋቢው ሲሞቃቸው፣ ማን ሠራው ቢሉኝ፣
እንዝርትሽን ልጥራ፣ ስምሽን አውሺኝ።