አንድ ሊግ፣ ሁለት ሕግ

እስቲ ዛሬ ስለ አሜሪካን ፉትቦል እንጫወት። በእግር ኳስ ያደገ ሰው ይህን ጨዋታ ሲያይ በሕጉ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኔን የገረመኝ ግን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ግራ የተጋቡበት ምሽት ነው፤ ያውም በሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ!

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024፣ ላስ ቬጋስ። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስና ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ 19 ለ19 ተለያይተው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። የሳንቲሙ ዕጣ ለሳን ፍራንሲስኮ ወጣ፤ ኳሱን እኛ እንቀድም አሉ። በድሮው ሕግ ቢሆን እሰየው ነበር፤ ቀድሞ ታችዳውን ያስቆጠረ፣ ማለትም ኳሱን በባላጋራው ሜዳ ጫፍ ወዳለው ክልል ያስገባ፣ ቡድን እዚያው አሸንፎ ይወጣ ነበርና። በዚያ ምሽት ግን የመጀመሪያው ቡድን ታችዳውን ቢያገኝም ሁለተኛው ተራውን አያጣም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተከላካዩን አሪክ አርምስቴድን ጨምሮ አንዳንድ የሳን ፍራንሲስኮ ተጫዋቾች ይህን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ካንሳስ ሲቲዎች ግን አስቀድመው ደጋግመው ተነጋግረውበት ነበር።

ለመሆኑ ሁለተኛ መሆን ምን ይጠቅማል? አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ሦስቱ ካልሆኑለት ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን ይመታል፦ ሩቅ ከሆነ ለባላጋራው አርቆ ይሰጣል፣ ቅርብ ከሆነ በፊልድ ጎል ሦስት ነጥብ ይሞክራል። ሁለተኛ የሚገባው ግን ስንት ነጥብ እንደሚበቃው ያውቃል፤ ካስፈለገ አራተኛዋንም ሙከራ ወደፊት ለመግፋት ያውላታል። ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ነጥብ ይዞ ወጣ። ተራው የካንሳስ ሲቲ ሆነ፤ አራተኛ ሙከራ ላይ ደረሱ፣ አንድ ያርድ ጎደላቸው። የቡድኑ ኳስ አከፋፋይ ፓትሪክ ማሆምስ ኳሱን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ይዞ ሮጠና አለፈ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 3 ሰከንድ ሲቀረው ለሚኮል ሃርድማን አቀበለ፤ ታችዳውን ሆነ፤ 25 ለ22፣ ጨዋታው አበቃ።

የሳን ፍራንሲስኮው አሰልጣኝ ካይል ሻናሃን ሕጉን አጥቶት አይደለም። ሁለቱም እኩል ቢያስቆጥሩ ሦስተኛው ተራ የእኛ ነው ብሎ አስልቶ ነበር። ስለዚህ ሽንፈቱን ሁሉ በሕጉ ማሳበብ አይገባም። ተጫዋቾቹንም ግን መውቀስ አይሆንልኝም። ሕጉ የተለወጠው በ2022 ጃንዋሪ ካንሳስ ሲቲ ቡፋሎን 42 ለ36 ካሸነፈ በኋላ ነው፤ የቡፋሎው ኳስ አከፋፋይ ጆሽ አለን በተጨማሪው ሰዓት ኳሷን ሳይነካ ከውድድሩ ወጣ። ያ የሚያስቆጣ ነበር፤ የቡድኖቹ ባለቤቶች ከሁለት ወር በኋላ ለውጡን አጸደቁ። ያጸደቁት ግን ለጥሎ ማለፉ ብቻ ነው። ተጫዋቹ መደበኛውን ውድድር 17 ጨዋታ በአንድ ሕግ ተጫውቶ፣ በጣም የሚያስጨንቀው ጨዋታ ላይ ሲደርስ ሌላ ሕግ ይጠብቀው ነበር። ጥፋቱ የባለቤቶቹ ነው እላለሁ።

የመክፈቻው ምት ሕግም እንዲሁ ተለዋውጧል። በ2024 አዲስ አሰላለፍ አመጡ፤ ኳሷ በአየር እስከ ሜዳው ጫፍ ክልል ከዘለቀችና ተቀባዩ ይዟት ካልወጣ፣ ከ30 ያርድ ይጀምራል አሉ። በዓመቱ 35 አደረጉት። ይህንን ግን አልቃወምም፤ ተጫዋቾች በሙሉ ፍጥነት ሮጠው እንዳይላተሙ የታሰበ ነው፣ የሰው ጭንቅላት ይበልጣል።

በ2025 መደበኛውም ውድድር ለሁለቱም ቡድን ተራ ይስጥ ተባለ። ደስ ብሎኛል። ሰዓቱ ግን አሁንም ይለያያል፦ በመደበኛው 10 ደቂቃ፣ በጥሎ ማለፉ 15። ያቺንም አንድ ቢያደርጓት ምን ነበረበት?