«ተቀመጥ!» ብዬ ለተቆጣሁህ ተማሪዬ

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት አልልም፤ ከቻላችሁ ቆማችሁ፣ ወይ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አንብቡት። ምክንያቱን ስትጨርሱ ታገኙታላችሁ።

ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ስብሰባ ላይ ሁሌ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ የምታዩኝ ሰዎች «ምን ሆነህ ነው?» ትሉኛላችሁ። ኩራት የመሰለው ሰውም አለ አሉ። ኩራት አይደለም። ወገቤ ላይ ያለ አንድ ዲስክ ወደ ግራ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል። ሦስት ዓመት አለፈው። መቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይብስብኛል።

የጀመረው በአንድ ጆንያ ድንች ነው። የጉና ሥር ድንች ክብደቱን ታውቁታላችሁ። ከባጃጅ ላወርድ ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ላይ ትንሽ ነገር ተሰማኝ፤ «ይለፍ» ብዬ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ካልሲ ማድረግ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ከመቀመጫዬ ተነስቶ በጭኔ ጀርባ፣ በባቴ አድርጎ እስከ አውራ ጣቴ የሚወርድ እሳት። ሳስነጥስ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ የሰፈሩ ሐኪም ሁሉ ተሰበሰበ። ምክሩ አንድ ነው፦ «ተኛ!» እናቴ ተኛ አለች፣ ጎረቤት ተኛ አለ፣ ባልደረቦቼ ተኛ አሉ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈልኝና ተኛሁ። አምስት ሳምንት። በመሃል ወጌሻ መጥቶ ወገቤን በቅቤ ረግጦ አሸው፤ ያን ሌሊት ግድግዳ ስቧጥጥ አደርኩ። የማስታገሻ መርፌውንም ለመድኩት፤ ጨጓራዬ መቃጠል ጀመረ። ግራ ባቴ ከቀኙ ቀጠነ። ያኔ ሦስት ዓመቷ የነበረው ልጄ «አባ እቀፈኝ» ስትል ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ከእሳቱ ይልቅ ያ ነው የሰበረኝ።

መንገድ ክፍት በሆነ አንድ ቀን ባሕር ዳር ወረድኩ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለእኔ ግን ሁለት ጊዜ ሚኒባስ አስቁሜ መንገድ ዳር ቆሜ ነው የደረስኩት። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፎቶውን እያየ ጠየቀኝ፦

«ስንት ቀን ተኛህ?»

«አምስት ሳምንት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሁሉም ሰው።»

ሳቀ። እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር፣ ወገቤ አልፈቀደም።

ከዚያ እንደ ጥሩ አስተማሪ ወረቀት አውጥቶ እየሳለ አስረዳኝ። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ትራስ የመሰለ ዲስክ አለ። ውስጡ ለስላሳ ነው። ልባሱ ሲሰነጠቅ የውስጡ ወደ ውጭ ይገፋና የነርቩን ሥር ይጫናል፣ ያስቆጣዋልም። እሳቱ እግሬ ላይ የሆነው ነርቩ መድረሻው እግር ስለሆነ ነው፤ የታመመው ግን ወገብ ነው። ሳያቲካ የሚሉት ይሄን ነው። ያበጠውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ በወራት ውስጥ እያሟሸሸ ይቀንሰዋል። «ስለዚህ ሥራህ መጠበቅ ነው፤ ግን ተኝተህ አይደለም» አለኝ።

አስተማሪ አይደለሁ፣ ማስረጃ ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት አገኘሁ። ሳያቲካ ያለባቸውን 183 ሰዎች ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ቡድን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኙት፤ ሌላው እንደቻለ ኑሮውን እንዲቀጥል ተደረገ። ከ12 ሳምንት በኋላ በሁለቱም ቡድን 87 በመቶው ተሽሎት ነበር። መተኛት ምንም አልጨመረም ማለት ነው! እኔን ግን ባት፣ ደመወዝና ልጄን ማቀፍ አስከፍሎኛል።

ሌላም አለ። «ዲስክህ ወጥቷል» የሚለው ወረቀት እንደ ሞት ፍርድ አስፈርቶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፎቶ ሰብስቦ ሲያይ፣ ያበጠ ዲስክ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶው ላይ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 84 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ፎቶው ብቻውን ዕጣህን አይወስንም።

ስመለስ መራመድ ጀመርኩ። ደብረ ታቦር ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ሜዳ የላትም፣ ዳገት ወይ ቁልቁለት ናት። የመብራት ፖል መቁጠር ያዝኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ፖል ሄጄ መመለስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ አራት። ከዚያ ስድስት። ሰው «አይ ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜው!» ሲል እሰማለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሰልችቼ የለ፤ ተራው የእኔ ሆነ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ከሁሉም ጠቀመኝ። ስንቀሳቀስ እሳቱ ከእግሬ ወደ ወገቤ ከተሰበሰበ፣ ወገቤ ትንሽ ቢያመኝም እንኳ፣ መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች ወደ ጣቴ ከወረደ ግን መቀነስ ወይም መቀየር አለብኝ። ስለዚህ አሁን የምጠይቀው «አመመኝ ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ሕመሙ ወዴት እየሄደ ነው?» ብዬ ነው።

በአምስተኛው ወር ጋፋት ደረስኩ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ናት፤ በፊት ተማሪ ይዤ የምሄድባት፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት። ድንጋይ ላይ መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ አሰብኩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከዚህ አገር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ጎትተውታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1867 ጥቅምት እስከ 1868 መጋቢት፣ ግማሽ ዓመት ገደማ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። በቀን ስንት እንደሄዱ ማንም አይጠይቅም፤ መድረሱን ነው የምናወራው። እኔም የየቀኑን ፖል ማነስ ማልቀስ ያን ቀን ተውኩ።

ጀግና ሆንኩ ብዬ እንዳላታልላችሁ። ትንሽ ሲሻለኝ የመምህራንና የተማሪዎች ኳስ ጨዋታ ላይ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብዬ ገባሁ። ስምንት ቀን ከፈልኩበት። ሰነፍ ሆኖ መተኛትም፣ ጎበዝ ነኝ ብሎ መሮጥም ያው ነርቩን አለመስማት ነው። ዐቢይ ጾም ላይም ስግደቱን እንደ ሰው ልስገድ ብዬ ታመምኩ። የንስሐ አባቴ «አንተ አንገትህን ዝቅ አድርግ፤ እግዚአብሔር ወገብህን ያውቀዋል» አሉኝ። አሁን መቋሚያዬን ተደግፌ፣ ክብደቴን ከእግር ወደ እግር እያዛወርኩ እቆማለሁ። ቅዳሴ ለእኔ ከስብሰባ ይቀላል፤ ቢያንስ መቆም ያስመሰግናል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ።

ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ስብሰባ ላይ ቆሜ አንድ ሰው ከመድረክ «መምህር፣ ተቀመጥ እንጂ!» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ።

10ኛ ክፍል ነበርክ፣ የኋላ ዴስክ። ከገጠር መጥተህ ከተማ ቤት ተከራይተህ የምትማር፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ቤትህ ሄደህ ስንቅህን በጀርባህ ተሸክመህ በእግርህ የምትመለስ። ክፍል ውስጥ በመሃል ብድግ ትል ነበር። ሁለት ጊዜ «ተቀመጥ!» አልኩህ። ሦስተኛው ላይ «ቲቸር፣ ስቀመጥ እግሬን ያቃጥለኛል» አልከኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አስወጣሁህ።

በቀጣዩ ዓመት አልተመዘገብክም። በእኔ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም። የተናገርከው ቃል ግን እኔ በኋላ ለሐኪሙ የተናገርኩት ቃል ነው። ልጅ ነህ፣ ወገብ ምን ታውቃለህ አልኩ። ያን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ወገብ የማን መስሎኝ እንደነበር እንጃ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይሄን የሚያውቀው ሰው ካለ ስሙን እዚህ አትጻፉ፤ ብቻ አድርሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ክፍል ውስጥ የኋላው ግድግዳ ነጻ ነው። መቆም የፈለገ ሳያስፈቅድ ሄዶ ይቆማል። በክፍለ ጊዜው አጋማሽ ሁላችንም ተነስተን አንድ ደቂቃ እንንጠራራለን። መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ አሁን ስረሳ የሚያስታውሱኝ እነሱ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ወገብ የሚያመው ሰው ሽንት ከያዘው ወይም ካመለጠው፣ በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው፣ ወይም እግሩ መታዘዝ እምቢ ካለው፣ መራመድም መተኛትም አይደለም፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል! ቀዶ ሕክምናም ለሚያስፈልገው ሰው በረከት ነው። እኔ የጻፍኩት የእኔን ነው፤ የእናንተን ሐኪም ይይላችሁ።

እኔስ? አልዳንኩም። ብርድ ሲሆን፣ ረጅም መንገድ ስቀመጥ ይመጣል። ግን ጠዋት ጠዋት አርባ ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ጣቴም አንዳንድ ጊዜ ይደነዝዛል፣ አብረን እንሄዳለን። ልጄ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። «አባ እቀፈኝ» ስትል አልጎነበስም፤ እንበረከክና ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ በጉልበቴ እነሳለሁ። ከብዳለች። ደስ የሚል ክብደት ነው።

በሉ ተነሱና ትንሽ ተራመዱ። ቸር ሰንብቱ።